«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እና የአሜሪካ የበጀት ጉድለት

ሦስት ቃል ብቻ ነው። ማሰሪያ አንቀጽ የለውም፤ ማን ተበደረ፣ ከማን ተበደረ የሚል ነገር አይነግረንም። «ቸግር» እና «ብድር» ቤት ስለሚመቱ ግን አንድ ጊዜ የሰማው ሰው አይረሳውም።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው በሰላም ተቀምጦ ሳለ በገዛ እጁ ጣጣ ለሚጠራ ሰው ነው። የተወሰደው ከእህል ብድር ነው። ያለፈው ምርት አልቆ አዲሱ ሳይደርስ፣ ክረምቱን ለመሻገር ገበሬ ከጎረቤቱ እህል ይበደርና መኸር ሲገባ ይከፍላል። የቸገረው ሰው እህል አይመርጥም፤ ገብስም ይሁን ማሽላ የልጆቹን ረሀብ ካስታገሠለት ይበቃዋል። ጤፍ ደግሞ ውድ እህል ነው። እንግዲህ ጎተራው ሳይጎድል ጤፍ የሚበደር ሰው ጥፋቱ ድርብ ነው፤ መበደር ሳያስፈልገው ተበደረ፣ ሲበደርም ውዱን መረጠ።

ይህን አባባል ማንኛውንም ብድር ለማውገዝ ሲጠቅሱት ስሰማ እቆጫለሁ። አባባሉ «አትበደር» አይልም። ክብደቱ ያረፈው የመጀመሪያው ቃል ላይ ነው፦ ሳይቸግር። በዋሽንግተን ስለ ፌዴራል መንግሥቱ የበጀት ጉድለትና ስለ ወጪ ቅነሳ ለዓመታት የዘለቀውን ክርክር የምመዝነው በዚህችው ቃል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የበጀት ዓመት የአሜሪካ ጉድለት 1.4 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። ባንኮች ወድቀው፣ ሚሊዮኖች ከሥራ ተፈናቅለው ነበር። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ጉድለቱ ወደ 3.1 ትሪሊዮን ዘለለ። ይህ ችግር ነው፤ ቸግሮት የተበደረን ሰው አባባሉ አይነካውም። በ2019 ግን ኢኮኖሚው እያደገ ነበር፤ ሥራ አጥነትም በሃምሳ ዓመት ውስጥ ወዳልታየ ዝቅተኛ ደረጃ ወርዶ ነበር። መንግሥት በዚያው ዓመት 984 ቢሊዮን ዶላር ጎደለበት። ግብሩን በ2017 በወጣ ሕግ ቀንሶ፣ ወጪውን ደግሞ በ2018 ሁለቱም ፓርቲዎች ተስማምተው ከፍ አድርገውት ነበር። የጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ይኸው መንግሥት ከ1998 እስከ 2001 ለአራት ተከታታይ ዓመታት ከወጪው በላይ ገቢ ይሰበስብ እንደነበር ሳስታውስ ይብስ ያንገበግበኛል።

መኸሩም ደርሶ መክፈያው መጥቷል። በ2024 የበጀት ዓመት ለወለድ ብቻ የወጣው የተጣራ ክፍያ 880 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ከመከላከያ ወጪው በለጠ። በዚህ ገንዘብ አንድ መንገድ አልተሠራበትም፣ አንድ በሽተኛ አልታከመበትም።

ወጪ ይቀነስ የሚሉት ጉድለቱ እውነተኛ አደጋ መሆኑን ሲናገሩ ልክ ናቸው። ጣታቸውን የሚቀስሩት ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ውጭ እርዳታ ነው፤ እርሱ ደግሞ ለዓመታት ከጠቅላላው በጀት 1 በመቶ ገደማ ነበር። የበጀቱን ትልቁን ክፍል የሚወስዱት የጡረታ ክፍያ፣ የአረጋውያንና የድሆች ሕክምና፣ መከላከያና ወለድ ናቸው። እነዚህንም ግብርንም ሳይነኩ ጉድለቱን እንዘጋለን ማለት ሕዝብን ማታለል ነው ብዬ አምናለሁ።

አባባሉ ዛሬ ከብድር ውጭ ላለ፣ ራስ ለጠራው ችግር ሁሉ ያገለግላል። ለዚህ ለሰፊው ትርጉሙ ከዕዳ ጣሪያው፣ ማለትም መንግሥት መበደር የሚችለውን መጠን በሕግ ከሚወስነው ገደብ፣ ግብግብ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። በ2011 አጋማሽ አበዳሪዎች አሜሪካን በዝቅተኛ ወለድ ለማበደር ፈቃደኛ ነበሩ፤ የቸገረ ነገር አልነበረም። ኮንግረስ ግን ራሱ ላጸደቀው ወጪ መክፈያ የሚሆነውን ብድር ለመፍቀድ እስከ መጨረሻው ሰዓት ተጓተተ። በኦገስት መጀመሪያ ላይ የአበዳሪዎችን ስጋት የሚመዝነው ድርጅት ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ የአገሪቱን የብድር ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አደረገው።

ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በጀት ባለመጽደቁ የመንግሥት ሥራ በከፊል ለ35 ቀናት ሲቋረጥ የሆነውም ከዚህ አይለይም። ወደ 800,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ያለ ደመወዝ ከረሙ፤ ግማሽ ያህሉ በሥራ ገበታቸው ላይ ሆነው ነው። ኋላ ላይ ውዝፉ ተከፈላቸው፤ ቤታቸው እንዲቀመጡ ለታዘዙትም መንግሥት ላልተሠራ ሥራ ከፈለ። በእነዚያ ሳምንታት የቤት ኪራይ ደርሶባቸው ብድር የጠየቁ ሠራተኞች ነበሩ። እነርሱ ቸግሯቸው ነው።