«ይሄማ የልጅ ጨዋታ ነው»፦ ስለ ሌጎ ሥራዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ እህቴ ቤት፣ ሳሎን ካለው ቡፌ ላይ አንድ ትሪ ተቀምጧል። ትሪው ላይ የፋሲል ግንብ ቆሟል። ወርዱም ቁመቱም ከስንዝር አይበልጥም። የተሠራው ከሌጎ ነው፤ ከላያቸው ክብ ክብ ጉብታ ካላቸውና እርስ በርስ ጥርቅም ብለው ከሚያያዙት የፕላስቲክ ጡቦች። ሠሪው የእህቴ ልጅ ነው። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል።

ቡና ሊጠጣ የመጣ ሰው ሁሉ ዓይኑ እዚያ ትሪ ላይ ያርፋል። አስተያየትም ይሰጣል። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ ግን የሚባለው ነገር አብዛኛው የተሳሳተ ነው። ልጁ ዝምተኛ ስለሆነ አይመልስም። እኔ ልመልስለት።

«ይሄማ የልጅ ጨዋታ ነው።»

ጡቡ ለልጆች መሠራቱ እውነት ነው። ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የሚባል ዴንማርካዊ አናጺ በ1932 እ.ኤ.አ. ቢሉንድ በምትባል ትንሽ ከተማ የእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ። ሌጎ የሚለው ስም የመጣው በአገሩ ቋንቋ «ጥሩ አድርገህ ተጫወት» ከሚሉ ሁለት ቃላት ነው። ዛሬ የምናውቀው የፕላስቲክ ጡብ የፈጠራ መብት የተጠየቀለት ደግሞ በ1958 ነው።

ዕቃው ለልጅ ተሠራ ማለት ግን ሥራው ሁሉ የልጅ ነው ማለት አይደለም። ጭቃን አስቡት። ልጅ በሬ ይሠራበታል። እዚሁ አፍንጫችን ሥር ወለቃ ላይ ደግሞ ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ የሚገዛው የሸክላ ሥራ ይወጣዋል። ቶሮንቶ የሚኖረው ትውልደ ጋናዊው ኤኮው ኒማኮ የሚሠራው በጥቁር የሌጎ ጡቦች ነው። የጥንቱ የጋና መንግሥት ከተማ የነበረችውን ኩምቢ ሳሌህን ከሺህ ዓመት በኋላ ምን ትመስል ይሆን ብሎ አሰበና 100,000 በሚጠጉ ጡቦች ሠራት። ሥራው ሙዚየም ገብቷል። እሱን «ተጫወተ» ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

«መመሪያው ላይ እያየ ነው የገጠመው።»

ይሄኛው ነው ልጁን የሚያመው። በካርቶን ታሽጎ የሚሸጠው ሌጎ መመሪያ አለው፣ እውነት ነው። ገጽ በገጽ እያዩ ይገጥሙታል። አድናቂዎች ከራሳቸው አውጥተው የሚሠሩት ግን መመሪያ የለውም። ሥዕል የለም፣ የክፍሎች ዝርዝር የለም። ያለው ግንቡ፣ ጡቡና ራስ ምታቱ ነው።

የፋሲል ግንብን በዓይነ ሕሊናችሁ እዩት። አራት ማዕዘኑ ላይ አራት ክብ ማማዎች አሉ። እያንዳንዱ ማማ ጫፉ ላይ እንቁላል የመሰለ ጉልላት ደፍቷል። የሌጎ ጡብ ደግሞ ባሕርዩ አራት ማዕዘን ነው። ታዲያ ክቡ ከየት ይምጣ? ለማማው አካል ባለ አራት ጉብታ ክብ ጡቦችን ደራረበ። እስከዚህ ቀላል ነው። ጉልላቱ ላይ ግን ለሳምንታት ተቸገረ። ሾጣጣ ሞከረ፤ ጎጆ ቤት መሰለ። ጠፍጣፋ ሞከረ፤ የውኃ ታንከር ሆነ። በመጨረሻ ከሌጎ ሰዎች፣ ማለትም ከጡቦቹ ጋር ከሚመጡት ትንንሽ የፕላስቲክ ሰዎች ላይ የራስ ቁራቸውን አውልቆ አራቱን ማማዎች ጫፍ ጫፋቸው ላይ ደፋባቸው። ልክ ሆነ። ቁሩ ከማማው ወርድ ጋር በጣም ተቀራራቢ ነው፣ ድፍን ነው፣ ከላዩ ሞላ ብሎ ይዞራል። አንድን ክፍል ከተሠራበት ዓላማ ውጭ ቦታውን አግኝቶ ማዋል በሌጎ ሠሪዎች ዘንድ ትልቁ ጥበብ ነው። ሌላ ሠሪ ቢያየው መጀመሪያ የሚያደንቀው ይህንን ነው።

በሩንም ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጡቦቹን በጎናቸው አስተኝቷቸዋል። ይሄ ዝም ብሎ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ከጀርባው ሒሳብ አለ። ከአንዱ ጉብታ መሐል እስከ ሌላው መሐል 8 ሚሊ ሜትር ነው። የስሱ ጡብ ውፍረት 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ አምስት ስስ ጡቦች ሲደራረቡ 16 ሚሊ ሜትር ይመጣሉ፤ ይህም የሁለት ጉብታ ስፋት ነው። በጎን የተኛው በቁም ከተሠራው ጋር ያለ ክፍተት የሚገጥመው በዚህ ሒሳብ ነው። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ማንኛውንም የሌጎ ሥራ ስታዩ ዓይናችሁ ጉብታዎቹ ወደየት እንደዞሩ መፈለግ ይጀምራል።

«ትንሽ ነው እኮ! ትልቅ ቢሆን ነበር የሚደነቀው።»

እስቲ እናስላው። የሌጎ ሰው ቁመት 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሰውየው በበሩ ጎንበስ ሳይል እንዲገባ ግቢውን በእሱ ልክ እንሥራ ብንል፣ 900 ሜትር የሚረዝመው የፋሲል ግቢ አጥር ብቻውን ከ20 ሜትር በላይ ይወጣል። ከታች ለአንድ ረድፍ ብቻ ወደ 670 ባለ ስምንት ጉብታ ጡብ ይፈልጋል። ገና አንድ ግንብ እንኳ አልተነሳም።

ትልቅ መሥራት ትዕግሥትና ገንዘብ ይጠይቃል፤ አከብረዋለሁ። በትንሹ መሥራት የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደሚቀር መወሰን። አንዴ አስጎብኚ የሆነ ጎረቤታችን መስኮቶቹን ቆጥሮ «ይጎድላሉ» አለ። አዎ፣ ይጎድላሉ። ሁሉም ቢገቡ ግድግዳው ወንፊት ይሆን ነበር። ልጁ የተወው ትቶት እንጂ ረስቶት አይደለም። በጥቂት ጡብ የሚሠራውም የምናስበውን ያህል ጥቂት አይደለም። አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ስድስት ባለ ስምንት ጉብታ ጡቦች በ915,103,765 መንገድ ሊገጣጠሙ ይችላሉ። ይህን ያሰሉት የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ሊቅ ሶረን አይለርስ ናቸው።

«ገንዘብ ካለህ ማንም ይሠራዋል።» ሌጎ ውድ መሆኑን አልክድም። ጎንደር ውስጥ ሱቅ ገብቶ በቀላሉ የሚገዛም አይደለም። የኛው ልጅ ያለው ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣለት፣ የተለያየ ስብስብ የተቀላቀለበት አንድ ፌስታል ነው። የግንቡን ድንጋይ የሚመስለው ቡናማ ለፊት ለፊቱ ብቻ በቃ። ዞር ብላችሁ ከኋላ ብታዩት ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ያገኘውን ሁሉ ነው። እኔ ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን እወደዋለሁ። አንድም ጡብ ለሌላቸው ደግሞ ስቱዲዮ የሚባል ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ፤ በእሱ ጡብ ሳይገዙ ዲዛይን ማድረግ ይቻላል።

«በሙጫ ነው የተያያዘው።» አይደለም። ለብቻቸው ተነካክሰው ነው የሚቆሙት። ከአገር አገር የሚዞሩ የኤግዚቢሽን ሥራዎች በሙጫ የሚያያዙበት ጊዜ አለ፤ ቤት ውስጥ ግን ማፍረስና እንደገና መሥራት የሥራው ግማሽ ነው። በ1958 የተሠራ ጡብ ዛሬ ከተመረተው ጋር ይገጥማል።

«ፎቶው ኤአይ የሠራው ነው።» ይሄ የቅርብ ጊዜ ነው። ልጁ የግንቡን ፎቶ ለጓደኞቹ ሲልክ የመጣለት መልስ ነበር። መጠርጠራቸው አይገርመኝም። መለያው ግን ከባድ አይደለም። ጉብታዎቹን ቁጠሩ። በእውነተኛ ሥራ ላይ ሁሉም እኩል ናቸው፣ ርቀታቸውም አይዛነፍም። የጡቦቹን መገናኛ መስመር በጣታችሁ ተከተሉት። መስመሩ መሐል ላይ ከጠፋ፣ ወይም ጉብታው አንድ ቦታ ትልቅ ሌላ ቦታ ትንሽ ከሆነ፣ ያኔ ጠርጥሩ።

የመጨረሻው ትንሽ ያናድደኛል። «ፎቶው ደስ ይላል፤ ማን ሠራው ምን ያደርጋል?»

እኛ ጎንደሬዎች ይህን ልንል አይገባም ነበር። ስንት ጊዜ ነው «ግንቡን የሠሩት ፖርቹጋሎች ናቸው» ሲባል የሰማነው? ዐፄ ፋሲል በ1632 እ.ኤ.አ. ነገሡ፤ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያንን ከአገር አስወጡ፤ ጎንደርን የቆረቆሯት በ1636 ነው። ከውጭ የመጣ የአሠራር ተጽዕኖ አለበት መባሉ ያስኬዳል። አገሬውን ከሠሪዎቹ ዝርዝር ሰርዞ ግንቡን ለሌላ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ድንጋዩን የጠረበው ሰው ስሙ ሲጠፋ ምን እንደሚሰማ እናውቃለን። ስለዚህ የሰው የሌጎ ሥራ ፎቶ ስታጋሩ የሠሪውን ስም አብራችሁ ጻፉ። ኩባንያው ራሱ እንኳ አድናቂዎች ዲዛይናቸውን የሚያቀርቡበት አሠራር አለው። 10,000 ደጋፊ ያገኘ ሥራ ይገመገማል። ተመርጦ ለገበያ ከወጣ የዲዛይነሩ ስም ይጠቀሳል፤ ከሽያጩም ድርሻ ያገኛል።

ባለፈው እሑድ እማማ፣ የግድግዳ ጎረቤታችን፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። «የልጅ ጨዋታ» ሲሉ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ትንሿ ልጅ ማንም ሳያያት አንዱን ጉልላት መዘዘችውና ጮኸች። ቁሩ ያለ ራስ ስለማይቆም፣ በየጉልላቱ ሥር የሌጎ ሰው ራስ ተተክሏል። ቢጫ ፊት፣ ሁለት ዓይን፣ ፈገግታ። ሁለተኛውን አነሳች፤ እዚያም አለ። ሦስተኛው፣ አራተኛው።

እማማ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። «እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ!» አሉ። «መላእክቱን ውስጥ ደበቅሃቸው?»

ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ መለሰ። «አዎ እማማ። እስኪያገኟቸው እየጠበቅኩ ነበር።»