ከካምፕ ወደ ትልቅ ከተማ ደርሶ መልስ ከልጆች ጋር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከከተማ ወጣ ባለ ካምፕ ድንኳን ተክሎ፣ ቀን ከተማውን እየጎበኙ ማታ ወደ ድንኳን መመለስ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ትልቅ መላ ነው። የሆቴል ወጪ ይቀራል፤ ልጆቹም ጠዋትና ማታ ሣር ላይ እንደልባቸው ይሯሯጣሉ። እኔና ባለቤቴ ከልጆቻችን ጋር ለዓመታት እንዲህ ተጉዘናል። ቀኑ ሲበላሽብን ያየሁት ግን ብዙ ጊዜ በዋዜማው ማታ፣ ካርታ ዘርግተን በያዝነው ግምት የተነሳ ነው። ሌሎች ቤተሰቦችም ያንኑ ግምት ሲደግሙት ስለምሰማ አንድ በአንድ ላንሳው።

«ካምፑ ቅርብ ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ!»

ኪሎ ሜትሩ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። መታወቅ ያለበት ከድንኳኑ ደጃፍ ተነስቶ የምትጎበኙት ቦታ በር ላይ እስክትቆሙ የሚፈጀው ጊዜ ነው። እስቲ እናስላው። እስከ ካምፑ መውጫ በልጅ እርምጃ 10 ደቂቃ፣ አውቶቡስ ጥበቃ 15፣ እስከ ባቡር ጣቢያ 15፣ ባቡር ጥበቃ 10፣ ባቡሩ ላይ 30፣ ከዚያ በሜትሮ ወይም በእግር 20። ድምሩ 100 ደቂቃ ነው። መመለሻው ሲጨመር 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል፤ የጠዋቱ የመታጠቢያ ወረፋ ገና አልተቆጠረም።

ስለዚህ ካምፕ ስትመርጡ ከከተማው ያለውን ርቀት ትታችሁ ከጣቢያ ወይም ከወደብ ያለውን ርቀት እዩ። 50 ኪሎ ሜትር ርቆ የባቡር ጣቢያው በእግር 5 ደቂቃ የሆነ ካምፕ፣ 15 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ አውቶቡስ በቀን ሁለቴ ብቻ ከሚያልፍበት ይበልጣል። ቬኒስን ለማየት የሚመጡ ቤተሰቦች ከውሃው ማዶ ፉሲና እና ፑንታ ሳቢዮኒ በተባሉ ቦታዎች ያሉትን ካምፖች የሚመርጡት ለዚህ ነው። መኪናቸውን ካምፑ ውስጥ ትተው በጀልባ ተሻግረው ከተማው ላይ ይወርዳሉ።

«መሄጃውን ካወቅን መመለሻው አያስቸግርም»

ከሁሉም የሚጎዳው ግምት ይህ ነው። አንድ እሑድ እኛም እንዲሁ ብለን ወጣን። ጠዋት የተሳፈርንበት አውቶቡስ በየግማሽ ሰዓቱ ስለነበር ማታም እንደዚያው መሰለን። ከባቡር ስንወርድ የእሑዱ የመጨረሻ አውቶቡስ ሄዷል። አራት ኪሎ ሜትር ያህል፣ የእግረኛ መንገድ በሌለው ጨለማ አስፋልት ዳር፣ በስልክ መብራት ሄድን። ትንሿ ልጄ አባቷ ትከሻ ላይ ተኝታ ነበር፤ አንድ እግር ጫማዋ የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ አናውቅም። መኪና ባለፈ ቁጥር ትልቁን ልጄን ወደ ሣሩ ስስበው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቀኑን የማቅደው ከመጨረሻው ተነስቼ ነው። መጀመሪያ የዚያን ቀን የመጨረሻውን አውቶቡስና ባቡር አያለሁ፤ የእሑድና የበዓል ሰሌዳ ከሥራ ቀን እንደሚለይ አልረሳም። ከዚያ የእኛ ባቡር ከመጨረሻው በፊት ያለው ነው ብዬ እወስናለሁ፤ እሱ ቢያመልጠን አንድ ይቀረናል። ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ እራት፣ ጉብኝት፣ መነሻ ሰዓት ድረስ እመጣለሁ። ሰሌዳ ስታነቡ በሰዓቱ አቆጣጠር አትሳቱ፤ 21፡40 የሚለው በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40 ነው። የካምፑንም በር ጠይቁ። ብዙ ካምፖች ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት በኋላ ለመኪና መዝጊያውን ያወርዳሉ፤ ዘግይቶ የመጣ መኪናውን ውጭ አቁሞ በእግሩ ይገባል። የእጅ ባትሪውን ጠዋት ቦርሳ ውስጥ ክተቱት፤ ማታ ድንኳን ውስጥ ያለ ባትሪ መንገድ ላይ አይጠቅማችሁም።

«ልጆች ካሉ በመኪና መሄድ ይቀላል»

እስከ ከተማው ዳር ድረስ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ለንደን ከእ.ኤ.አ. 2003 ጀምሮ መሃል ከተማ ለሚገባ መኪና ታስከፍላለች፤ በ2023 ደግሞ የጭስ ደረጃውን በማያሟሉ መኪኖች ላይ የሚጣለው ክፍያ መላውን ለንደን እንዲሸፍን ተደርጓል። በብዙ የጣሊያን ከተሞች አሮጌው መሃል ፈቃድ ለሌለው መኪና ዝግ ነው። የሚቆጣጠረው ካሜራ ስለሆነ መግባታችሁን የምታውቁት ቅጣቱ ቤታችሁ ሲደርስ ነው።

ቁመቱም አለ። የብዙ ምድር ቤት ፓርኪንጎች ጣሪያ 2 ሜትር አካባቢ ነው፤ መኖሪያ ያለው የካምፕ መኪና ደግሞ 3 ሜትር ይጠጋል። ተራ መኪናም ጣሪያው ላይ የዕቃ ሣጥን ካለው ከመግባቱ በፊት መለካት አለበት። የሚሻለው ከከተማው ዳር ባለ ባቡር ጣቢያ ፓርኪንግ አቁሞ መግባት ነው። ባቡር ላይ ልጅ ይነሳል፣ በመስኮት ያያል፣ ሽንት ቤት ይሄዳል፤ በመኪና መጨናነቅ ውስጥ ግን ታስሮ ያለቅሳል።

«ይህን ያህል ርቀን መጥተን ሁሉንም ሳናይ አንመለስም»

ጠዋት አንድ ትልቅ ነገር፣ ከሰዓት አንድ ልጆቹ የሚሮጡበት መናፈሻ። ለእኔ ከዚህ በላይ ስግብግብነት ነው። በዋዜማው የሚከፈትበትን ቀን ማረጋገጥ ግን ግድ ነው፤ ፓሪስ ላይ የሉቭር ሙዚየም ማክሰኞ፣ የኦርሴ ሙዚየም ሰኞ ዝግ ናቸው። ለልጆች መግቢያው ነጻ ቢሆንም ሰዓት አስቀድሞ ማስያዝ ሊያስፈልግ ይችላል። በማግስቱ ደግሞ ካምፑ ላይ ዋሉ።

«እጄን ይዞ ስለሚሄድ ልጁ አይጠፋም»

ባቡር በር ላይ እጅ ይለቀቃል። የእኛ ስምምነት እንዲህ ነው፦ ልጁ ብቻውን ባቡሩ ውስጥ ከቀረ ቀጣዩ ጣቢያ ወርዶ እዚያው ይቆማል፤ እኛ በሚቀጥለው እንደርሳለን። እሱ መድረኩ ላይ ከቀረ ካለበት አይንቀሳቀስም። የካምፕ ልጅ ሌላም ችግር አለበት፤ የት ነው የምትኖረው ሲባል «ድንኳን ውስጥ» ነው የሚለው። ስለዚህ ስልክ ቁጥራችንን በእስክሪብቶ ክንዱ ላይ፣ የካምፑን ስምና አድራሻ በወረቀት ኪሱ ውስጥ። ጠዋት ከመውጣታችን በፊትም የለበሰውን ልብስ የሚያሳይ ፎቶ አነሳዋለሁ።

«ድንኳኑ የትም አይሄድም»

መስኮቱን ዝጉ፣ የደጁን መከለያ ጠቅልሉ፤ ከሰዓት የሚነሳ ነፋስ ይገነጥለዋል። ፓስፖርት ድንኳን ውስጥ አይቀርም። በረዶው ቀልጦ የዋለ ማቀዝቀዣ ሣጥን ውስጥ ያለ ሥጋና ወተት ማታ ለልጅ አይሰጥም። እንዲህ ያለ ምግብ ከቅዝቃዜ ውጭ የሚቆየው ቢበዛ 2 ሰዓት፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ 1 ሰዓት ብቻ ነው።

«በርዶን ስለገባን ማንደጃውን ለጥቂት ደቂቃ ድንኳን ውስጥ እናስገባው»

በፍጹም። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ በአመድ ቢሸፈንም ለሰዓታት መውጣቱን አያቆምም፤ የድንኳኑን በር ገርበብ ማድረግም አያድንም። ከከተማ ለተመለሰ ቤተሰብ ይበልጥ የሚያሰጋው ምልክቱ ነው፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት። ቀኑን ሙሉ ሲዞር የዋለ ልጅ «ራሴን አመመኝ፣ ልተኛ» ቢል ማን ይጠረጥራል? ማንደጃው ከነአመዱ ውጭ፣ ከድንኳኑ ርቆ ይደር። እኔ ለብርዱ የማደርገው ጠዋት ከመውጣታችን በፊት ነው፦ የእያንዳንዱን ልጅ ደረቅ ካልሲ፣ ኮፍያና የሌሊት ልብስ መኝታ ከረጢቱ ውስጥ ጠቅልዬ እከታለሁ። ማታ ስንደርስ ውጭ ውሃ አፍልቼ በደንብ በሚዘጋ፣ ሙቀት በሚችል ጠርሙስ እሞላና በፎጣ ጠቅልዬ እግራቸው ሥር አደርገዋለሁ።