የወቅት ቃላትን በሥዕል ካርድ ማስተማር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ላይ ኬጂ አስተምራለሁ። ልጆቼ አራትና አምስት ዓመታቸው ነው። የወቅት ቃላትን በሥዕል ካርድ ማስተማር ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ግን ልጅ ይዞት የሚያድገው ስህተትም እዚሁ ነው የሚጀምረው። ከወላጆችም ከአስተማሪዎችም በየጊዜው የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ከኢንተርኔት የወረደ የአራቱ ወቅቶች ካርድ ይበቃል»

አይበቃም። እነዚያ ካርዶች የተሠሩት ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ምድሩ ነጭ ለሚለብስበት አገር ነው። እኔም በእነሱ ነበር የጀመርኩት። በነጭ ክምር የተሠራ ሰው ያለበትን ካርድ አንስቼ «በረዶ» ስል፣ አንዷ «ቲቸር፣ በረዶ እኮ እንዲህ አይደለም፣ ቆርቆሮ ላይ ቋ ቋ ቋ ነው የሚለው» አለችኝ። ልክ ናት። እሷ የምታውቀው በረዶ ከዝናብ ጋር የሚወርደው ጠጠሩ ነው። አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ቃል ስላለው ሥዕሉ ካልተስተካከለ ልጁ የሚያውቀውን ቃል ይጠራጠራል። አሁን የምጠቀምበትን ካርድ ራሴ ነው የሳልኩት፤ ግቢ ውስጥ የተበተነ በረዶና የሚለቅም ልጅ። ሥዕሌ አያምርም፣ ግን ሁሉም ያውቁታል።

«ክረምት ብርድ ነው፣ በጋ ሙቀት ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ትልልቆቹም የምንሳሳተው እዚህ ነው። ዊንተርን «ክረምት»፣ ሰመርን «በጋ» ብለን ስለተረጎምን የፈረንጁ ሥዕል ከእኛ ቃል ጋር ተለጠፈ። የአውሮፓ ዊንተር ግን ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት አካባቢ ነው፤ ያ ለእኛ በጋ ነው። እነሱ ከምድር ወገብ ስለሚርቁ ወቅታቸውን የሚለየው ብርድና ሙቀት፣ የቀኑም መርዘምና ማጠር ነው። የእኛን የሚለየው ዝናብ ነው። ደሴ ላይ ደግሞ ሌሊቱ አጥንት ድረስ የሚዘልቀው በክረምት ሳይሆን ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ሰማዩ ጥርት ስለሚል ቀን የተጠራቀመው ሙቀት ሌሊት ይበናል፣ ውርጭም የሚመጣው ያኔ ነው። በክረምት ግን ደመናው እንደ ጋቢ ከላይ ይሸፍነናል፤ ቀኑ ይቀዘቅዛል እንጂ ሌሊቱ ያን ያህል አይጨክንም። ስለዚህ የእኔ የበጋ ካርድ ላይ ጥርት ያለ ሰማይ፣ አውድማ፣ ጠዋት ሹራብ የለበሰ ልጅ አለ። የክረምቱ ላይ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ጃንጥላ፣ የሐምሌና የነሐሴ በለስ። ሹራብና ክረምትን ብቻ ማጣመር የልጁን የራሱን ጠዋት መካድ ነው።

«በልግ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ነው»

ይህን አንድ የግድግዳ ሰንጠረዥ ላይ ቢጫ ቅጠል ተስሎበት አይቼ አዝኛለሁ። ወሎ ላይ! በልግ እኮ ዝናብ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የሚጥለው፣ የደጋው ገበሬ ቀና ብሎ ሰማይ እያየ የሚጠብቀው፣ ሲቀር ቤት ሁሉ የሚጨነቅበት ዝናብ። ግራ መጋባቱ አንዱ ምንጭ ሁለት አቆጣጠር መኖሩ ነው። ሜትሮሎጂ ዓመቱን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፦ በጋ፣ በልግ፣ ክረምት። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን አራት ናቸው፤ መፀው መስከረም 26፣ በጋ ታኅሣሥ 26፣ ፀደይ መጋቢት 26፣ ክረምት ሰኔ 26 ይገባሉ። ሁለቱን ቀላቅለን ልጅ ፊት ስናስቀምጥ ልጁ ምን ያድርግ? እኔ በክረምትና በበጋ እጀምራለሁ፣ ዝናቡ ሲመጣ በልግን እጨምራለሁ። መፀውና ፀደይ ቆይተው ይደርሳሉ።

«የበዓል ካርድ ወቅትን ያስተምራል»

ግማሹ እውነት ነው። አደይ አበባና እንቁጣጣሽ፣ ጥምቀትና በጋ አይለያዩም። ረመዳንና ኢድ ግን በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደሙ በ33 ዓመት አካባቢ ወቅቱን ሁሉ ይዞራሉ። ክፍሌ ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም ልጆች አሉ። የኢድን ካርድ በጋ ሥር ብለጥፈው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ውሸት ይሆናል፣ ባስቀረው ደግሞ ግማሹን ልጅ አስቀረሁ ማለት ነው። ስለዚህ የሁሉንም በዓላት ካርድ ለብቻው አድርጌዋለሁ።

«ለደሴ የተሠራ ካርድ ለኮምቦልቻም ይሆናል»

መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በመካከል ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ሲወርዱ ሹራብ ይወልቃል። ኮምቦልቻ ያለችውን የእህቴን ልጅ የጉም ካርድ አሳይቻት «ይሄ የት ነው ያለው?» ስላት «አክስቴ፣ አንቺ ቤት!» አለችኝ።

«ብዙ ካርድ፣ ብዙ ቃል»

በአንድ ጊዜ አምስት ካርድ ይበቃል። እነዚያኑ በማግስቱም በሳምንቱም መልሳችሁ አሳዩ።

«ካርድ ከፍ አድርጎ ‹ይሄ ምንድን ነው?› ማለት ማስተማር ነው»

እሱ ፈተና ነው። ልጁ «ዝናብ» ይልና ወሬው እዚያው ያልቃል። «ይሄ ዝናብ ካፊያ ነው ዶፍ? የረጠበ ልብስህን ማን አወለቀልህ?» ስትሉት ግን ማውራት ይጀምራል፣ እግረ መንገዱንም ካፊያን፣ ዶፍን፣ ውሽንፍርን ይለያል። ካርዱ ከመስኮቱ ጋር ይታይ። እኛ ጋ ጠዋት ጠዋት አንድ ልጅ ውጭውን አይቶ ካርድ ይመርጥና መስኮቱ ላይ ይሰቅላል። ሰኔ ላይ ተራው የደረሰው ልጅ ፀሐይን ሰቀለ። ከእረፍት በፊት መጣል ሲጀምር ማንም ሳይነግረው ተነስቶ በካፊያ ቀየረው። ተመልሶ ሳይቀመጥ ቆርቆሮው ጮኸ፤ «ቆይ ቲቸር፣ ዶፍ ሆነ!» ብሎ እንደገና ሮጠ።