«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»፦ መብላት ያኔ እና አሁን

ሀዋሳ ላይ ይህን ምሳሌ ለመስማት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እገሌ ከኃላፊነቱ ተነሣ ከተባለ በቂ ነው። ፒያሳ አካባቢ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠው ሰው ይለዋል። ባጃጅ ውስጥ ከጎንህ ያለው ተሳፋሪም ይለዋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።» ተናጋሪው ይስቃል፣ ሰሚው ይስቃል፣ ወሬው ወደ ኳስ ይዞራል።

እኔን ይህ ሳቅ ያሳስበኛል። ምሳሌው የሌብነት ፈቃድ ሆኖ እየተነገረ ነው። «አባቶቻችን እንኳ ብለውታል» ይባላል፤ ጉዳዩ እዚያ ላይ ይዘጋል። አባቶቻችን በርግጥ ብለውታል። ሲሉት ግን በአእምሯቸው የነበረው ዛሬ እኛ የምናስበው አልነበረም። ልዩነቱን ያመጣችው አንዲት ግሥ ናት፤ «በላ»።

እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች «ራን» የምትባል ቃል ታስመርራቸዋለች። ሰው ሲሮጥ ራን ነው። ውሃ ሲፈስ ራን ነው። ድርጅት ማስተዳደር፣ ለምርጫ መወዳደር፣ የሞተር መሥራት፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ሁሉም ራን ነው። የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለዚህች ግሥ 645 ትርጉም ለይተውላታል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ «አማርኛ ይሻላል» ይላሉ። እስቲ አማርኛን በኋላ የተማረውን ሰው እንጠይቀው። ሀዋሳ ውስጥ ከሲዳምኛ፣ ከወላይትኛ ወይም ከኦሮምኛ ቀጥሎ አማርኛን የለመደ ሰው ሞልቷል። «በላ» ለእሱ ቀላል ቃል አይደለችም።

ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ላይ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሰው ይበላል፣ የተረፈውን አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ይበላል። ከሐይቁ ዳር ወደ ከተማው ስንመለስ ግን ነገር ይወሳሰባል። ኤቲኤሙ ካርድ በላ። ስልኩ ዳታ ይበላል። ወረፋው ጊዜ በላ። ብረቱን ዝገት፣ ልብሱን ብል፣ በሩን ምስጥ በላው። ጀርባዬን በላኝ ሲል ያሳክከኛል ማለቱ ነው። መዳፌን በላኝ ካለ ደግሞ ገንዘብ ሊመጣልኝ ነው ብሎ ተስፋ እያደረገ ነው። ቁማር የበላ አሸንፏል፣ የተበላ ከስሯል። ቃሉን የበላ ከድቷል። ጓደኛውን ያስበላ አሳልፎ ሰጥቷል። የተባሉ ሰዎች ተጣልተዋል። ልፋቱን ውሃ የበላው ሰው ባዶ እጁን ቀርቷል። ወዳጅ ሲጠፋ «ምን በላው?» እንላለን። እናት ሕፃኗን አቅፋ «ልብላህ!» ስትል ማንም አይደነግጥም። አንጀት የሚበላ ልጅ የሚያሳዝን፣ ሆድን የሚያባባ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የጥንቱ ሙግት «በላ ልበልሃ» ይባላል። እዚያ ያለው «በላ» ከምግብ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ከ«አለ» የመጣ ነው፤ «በል እንግዲህ፣ ተናገር፣ እኔም ልናገርህ» እንደ ማለት ነው። በጽሑፍ አንድ ስለሚመስሉ ብቻ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው አጋጥሞኛል።

የእኛው «በላ» ከግእዙ «በልዐ» የወረደ ነው። ትግርኛ እስከ ዛሬ «በልዐ» ይላል። በዐረብኛና በዕብራይስጥ የዚሁ ሥር ዘመድ የሆነው ቃል መዋጥ ማለት ነው። አማርኛ ጉሮሮ ውስጥ የነበረችውን «ዐ» ጥሎ ቃሉን በሁሉም አቅጣጫ አሰፋው።

ከላይ የጠቀስኳቸውን አብዛኞቹን አስተውሉ። አንድ ነገር ይጠፋል፣ ይጎድላል፣ ወይም ይጎዳል። ምስጡም፣ ዝገቱም፣ ኤቲኤሙም የሚያደርጉት ያንን ነው። ገንዘብ በላ፣ ጉቦ በላ፣ የሙት ልጅ ሀብት በላ የምንለውም ከዚሁ ወገን ነው። ወንጌል ውስጥ «የመበለቶችን ቤት የሚበሉ» የተባሉት ሰዎችም እንዲሁ። ሌላ ወገን ደግሞ አለ፤ መተዳደር። ጡረታ ይበላል፣ የቤት ኪራይ እየበላ ይኖራል፣ በእጁ ሙያ እንጀራ ይበላል፣ በላቡ ይበላል እንላለን። እዚህ ማንም የማንንም አልሰረቀም። ሰውየው የሚገባውን አግኝቶ እየኖረ ነው።

ምሳሌያችን የተወለደው በዚህ በሁለተኛው ቤት ነው። ዛሬ የምንሰማው ግን በመጀመሪያው ጆሮ ነው።

በድሮው ሥርዓት ሹመኛ የወር ደመወዝ አልነበረውም። የመንግሥት ግምጃ ቤት ለአገረ ገዥ፣ ለጭቃ ሹም፣ ለወታደር በየወሩ የሚከፍለው ብር አልነበረም። ንጉሡ በገንዘብ ፋንታ ጉልት ይሰጡ ነበር። ጉልት ማለት መሬቱን የራስ ማድረግ አይደለም። ከመሬቱ ላይ ግብር የመሰብሰብ መብት ነው። መሬቱ የባለ ርስቱ ነው፤ ከእህሉ፣ ከማሩ፣ ከቅቤው፣ ከሰንጋው ድርሻ የሚወስደው ባለ ጉልቱ ነው። ገበሬው በተወሰኑ ቀናት ሑዳድ የሚባለውን የሹሙን እርሻ ያርሳል። እንግዳ ሲመጣ ድርጎ ያቀርባል። የዚህ ሁሉ ስም «መብላት» ነበር። አንድ መኳንንት እገሌ የሚባለውን አገር «በላ» ሲባል ወንጀል ፈጸመ ማለት አልነበረም። ተሾመበት፣ ገቢውም የእሱ ሆነ ማለት ነው። ቃሉ የአደባባይ ቃል ነበር።

አሁን ምሳሌውን መልሰን እናንብበው። ሲሾም ያልበላ፣ ማለትም ሥልጣኑ ላይ ሳለ የሚገባውን ግብር በወቅቱ ያላስገባ፣ ሲሻር ይቆጨዋል። የሚገባው ቀርቶበታልና።

ሌላም ነገር አለ፣ እኔ ከሁሉ ይበልጥ የምወደው። «ግብር» የምትለው ቃል ራሷ ሁለት ፊት አላት። ገባሩ የሚከፍለው ግብር ይባላል። ጌታው አዳራሽ ውስጥ ሰው ሰብስቦ የሚያበላው ድግስም ግብር ይባላል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። የተበላው መልሶ መበላት ነበረበት። በአፄ ምኒልክ ግቢ አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየማዕረጉ፣ በየተራው እየገባ ይበላ ነበር። ጥሬ ሥጋው፣ ጠጁ፣ እንጀራው ከየአገሩ የገባ ግብር ነው። አነስ ያለው ሹምም በአቅሙ ያንኑ ያደርጋል። ግብር የማያበላ ጌታ ተከታይ አይኖረውም። አሽከሩ ይሸሻል፣ ዘመዱ ይርቃል፣ አዝማሪው በሌላ ቤት ያወድሳል። ስለዚህ በዚያ ዘመን «ያልበላ» ሹም ያላበላ ሹምም ነው። ሲሻር ብቻውን ይቀራል። ቁጭቱ ይህንንም የሚጨምር ይመስለኛል።

«ሲሻር» የምትለዋም ቃል ቀላል አይደለችም። ቁስል ሻረ ስንል ዳነ ማለት ነው። ሰንበት ሻረ ስንል ሕግ ጣሰ ማለት ነው። ሹም ተሻረ ስንል ከቦታው ወረደ ማለት ነው። በዚያ ዘመን መሻር የቅርብ ነገር ነበር። ሹመት የጊዜ ገደብ አልነበረውም። በንጉሡ ፈቃድ ይመጣል፣ በንጉሡ ፈቃድ ይሄዳል። «ሹም ሽር» የሚባል ስም እስኪወጣለት ድረስ የተለመደ አሠራር ነበር። አንድ ሰው አንድ አገር ላይ ሥር ሰዶ እንዳይሸፍት ነገሥታቱ ሹሞችን ያቀያይራሉ። ሹሙ በበኩሉ የነገውን አያውቅም። ደመወዝ የለም፣ ጡረታ የለም፣ ዋስትና የለም። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ «ቶሎ ብላ» የሚል ምክር ከየት እንደሚመጣ መረዳት አያስቸግርም።

ይህን ስል ሥርዓቱን ማወደሴ አይደለም። ሹሙ ሲቸኩል ዋጋውን የሚከፍለው ገበሬው ነው። ምሳሌውም የተነገረው ከሹሙ ወንበር ነው፤ ከገበሬው ጎጆ አይደለም። ከገበሬው ጎጆ የወጣው ሌላ ነው፦ «ሹም ለሹም ይጎራረሳሉ፣ ድኃ ለድኃ ይላቀሳሉ።» በሁለቱም ምሳሌዎች ውስጥ ምግብ አለ። የአንደኛው ጸጸት ነው፣ የሁለተኛው ለቅሶ።

ዛሬ ሀዋሳ ባለችበት በሲዳማ ምድር ይህ ለቅሶ ሌላ መልክ ነበረው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ወደ ደቡብ የዘመተው ሠራዊት በደመወዝ ፋንታ ገባር ተመደበለት። ወታደሩ እንደ ማዕረጉ ይህን ያህል ቤተሰብ ይሰጠዋል። እነዚያ ቤተሰቦች ያርሱለታል፣ ይፈጩለታል፣ እንጨት ይለቅሙለታል። ያ ሰው «በላ» የተባለው ሰዎችን ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ስለዚህ በዚህ ከተማ ይህን ምሳሌ ስንናገር የሚሰማን ሰው አያቱ ከየትኛው ወገን እንደነበሩ ብናስብ መልካም ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ1934 ዓ.ም. በወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገረ ገዥዎች ደመወዝተኛ የመንግሥት ሠራተኞች ሆኑ። ርስተ ጉልት፣ ማለትም በዘር የሚወረሰው ጉልት፣ በ1958 ዓ.ም. በአዋጅ ቀረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ ባላባቱም ጭሰኛውም እንደ ሥርዓት አከተሙ። ሀዋሳ ራሷ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው። አገረ ገዥ በደመወዝ መኖር ከጀመረ ወዲህ የተወለደች ከተማ ናት።

ሥርዓቱ ሄደ፣ ምሳሌው ቀረ። ችግሩ የተፈጠረው እዚህ ነው። ደመወዝ ከመጣ በኋላ ሹሙ የሚበላው በወር መጨረሻ የሚቀበለውን ነው። ከዚያ በላይ የወሰደው የሌላ ሰው ነው። «መብላት» ግን ስሙን ሳይቀይር ከመተዳደር ወደ መዝረፍ ተሻገረ። ሌሎቹ ቃላትም አብረውት ተሻገሩ። እጅ መንሻ የክብር ስጦታ ነበር፣ ጉቦ ሆነ። ጉርሻ የፍቅር ነው፤ ባለጉዳይ ጠረጴዛ ሥር ሲያሳልፈው ግን ሌላ ነው። «የሻይ» የሚባለውም ሻይ ተጠጥቶበት አያውቅም። ሙስናን የምንጠራባቸው ቃላት ብዙዎቹ የማዕድ ቃላት ናቸው። እንዲህ ለስላሳ ስም ስለተሰጠው ይመስለኛል ስንሰማው የማንደነግጠው። በሕጉ ላይ የተጻፈው ቃል ሌላ ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 881 ስሙ «የሙስና ወንጀሎች አዋጅ» ነው። ሙስና በግእዝ ጥፋት፣ ብልሽት ማለት ነው። እሱን ማንም እየሳቀ አይጠራውም።

ሰፈራችን ውስጥ ጡረታ የወጡ አንድ አባት አሉ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በመንግሥት ሥራ ነው፤ ኃላፊም ሆነው ያውቃሉ። የሚኖሩት ዛሬም በዚያችው በድሮ ቤታቸው ነው። እድር ላይ ቁጭ ብለን አንድ ወጣት ይህን ምሳሌ አነሣባቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ሲሾሙ አልበሉም። አይቆጭዎትም?»

«ማነው አልበላም ያለህ?» አሉት። «ደመወዜን በልቻለሁ እኮ። አሁን ደግሞ ጡረታዬን እየበላሁ ነው።»

ልጁ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። በትክክል የተናገሩት እሳቸው ነበሩ። «በላ»ን ወደ ትውልድ ቤቷ መልሰው ምሳሌውን ያለ አንዳች ጥፋት ተጠቀሙበት።

ምሳሌው ይጣል የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ አልስማማም። ከወንበርና ከካዝና ርቆ ሲነገር አሁንም ጥሩ ምሳሌ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ አራት ዓመት ሙሉ ቤተ መጻሕፍቱን ሳይረግጥ ሊመረቅ ሲል ታላቅ ወንድሙ ይለዋል። እናቷ በሕይወት ሳሉ የቡና አፈላላቸውን፣ የወጥ አሠራራቸውን ያልጠየቀች ልጅ ለራሷ ትለዋለች። ሀዋሳ ለሥራ ተመድቦ ሁለት ዓመት ኖሮ ታቦር ተራራን ሳይወጣ፣ ጥሬ ዓሣ በዳጣ ሳይቀምስ ዝውውር የደረሰው ሰውም ሻንጣውን እያሰረ ይህንኑ ቢሰማ ይገባዋል። ለአዲስ ተሿሚ በደስታ መግለጫ ላይ ማለት ግን ነውር ነው። ለእሱ የቆየ ምርቃት አለን፤ «ሹመት ያዳብር» ይባላል።