አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ የአባባሉ ፍች በቤዝቦል ሜዳ ላይ

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለውን አባባል የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ማግኘት ይከብዳል። ሲሞላ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይመታል» ነው፤ ነገር ግን እስከ ማሰሪያው ድረስ የሚናገረው ጥቂት ሰው ነው፣ የቀረውን ሰሚው ይሞላዋል። አለቃው ሲያመናጭቀው ውሎ ማታ ቤቱ ገብቶ ልጆቹ ላይ የሚጮህ አባት፣ ውሳኔ የሰጠውን ኃላፊ መናገር ፈርቶ ደብዳቤ ወጪ ያደረገችውን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሚያበሻቅጥ ባለጉዳይ፣ ሁለቱም ይህ ተረት ይደርሳቸዋል።

ነገሩ የመጣው ከጭነት መንገድ ነው። ዳውላ እህል የሚጫንበት ነው፤ መለኪያም ሆኖ ያገለግላል፣ በብዙ ቦታ 20 ቁና አንድ ዳውላ ይባላል። አህያ ታጋሽ ቢሆንም ሲመረው ይራገጣል። እንግዲህ አህያው አልሄድም ብሎ መሐል መንገድ ላይ ሲገተር፣ ወደ ኋላ እግሩ መጠጋት የፈራ ነጂ ዱላውን ጭነቱ ላይ ያሳርፋል። ድምፅ ይሰማል፣ አቧራ ይነሣል፣ ከሩቅ ለሚያይ ነጂው ቆርጦ የተነሣ ይመስላል። አህያው ግን ንቅንቅ አላለም።

አብዛኛው ሰው ፍቺውን እዚህ ላይ ያቆማል፦ ሰውየው ፈሪ ነው፣ ንዴቱን የሚወጣው በማይመልስለት ላይ ነው። እኔ ግን ተረቱ ሌላም ነገር ይዟል ባይ ነኝ። ዳውላው ውስጥ ያለው እህል የማን ነው? የነጂው ነው። ዱላው ስፌቱን ቢተረትረው መንገድ ላይ የሚፈሰው የገዛ ልጆቹ ቀለብ ነው። ይህን ሁለተኛ ፍች እንደ አሜሪካ ቤዝቦል አጥርቶ የሚያሳይ ነገር አላየሁም፤ በተለይ የውድድር ዘመኑ ሊያበቃ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ ሁለት ቡድኖች በአንድና በሁለት ጨዋታ ልዩነት ለሊጉ ሻምፒዮናነት ሲተናነቁ፣ አሰልጣኙ ቂም ይዞ «ምታልኝ» የሚልበትን ሰዓት ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ እንዲህ ነው። ወርዋሪው ከመቺው 18.44 ሜትር ርቆ ይቆማል። ኳሷ ወደ 145 ግራም ትመዝናለች፣ ጠንካራ ናት፣ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ልትበር ትችላለች። በዚህ ፍጥነት ስትመጣ መቺው ለማየትም ለመሸሽም ያለው ጊዜ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 1920 የክሊቭላንዱ ሬይ ቻፕማን ኒው ዮርክ ላይ ጭንቅላቱን በኳስ ተመትቶ በማግስቱ ሞቷል። ያ ውርወራ የበቀል አልነበረም፤ የማነሣው ኳሷ ምን ማድረግ እንደምትችል እንዲታወቅ ነው። ዛሬ መቺዎች የራስ ቁር ያደርጋሉ፤ የእጅ አጥንት፣ የጎን አጥንትና ፊት ግን ያው እንደተጋለጡ ናቸው።

ታዲያ አንድ ወርዋሪ የሌላውን ቡድን መቺ ሲመታ፣ አውቆም ይሁን አምልጦት፣ የተመታው ቡድን ወርዋሪ በተራው ከዚያኛው ቡድን አንዱን እንዲመታ የሚጠብቅ በወረቀት ያልሰፈረ ሕግ አለ። በጽሑፍ ያለው ሕግ ይከለክለዋል። ዳኛው ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን ካመነ ወርዋሪውን ያስወጣል፤ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ በኋላ ከሆነ ደግሞ አሰልጣኙም አብሮ ይወጣል። የተመታው መቺ ያለ ምንም ድካም ወደ አንደኛው ቤዝ፣ ማለትም ነጥብ ለማስቆጠር ዞሮ ከሚጨርሳቸው አራት ማረፊያዎች ወደ መጀመሪያው ይሄዳል፤ ለባላጋራ የተሰጠ ነጻ ስጦታ ነው።

አባባላችን የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው። የሚመታው ማን ነው? ጥፋቱን የሠራው ወርዋሪ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከሁለቱ ትልልቅ ሊጎች አንዱ በሆነው በአሜሪካን ሊግ፣ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ በሁለቱም ሊጎች ወርዋሪ ዱላ ይዞ አይወጣም፤ በእሱ ቦታ ዱላ የሚይዝ ሌላ ተጫዋች አለ። ስለዚህ አህያው ከቶ ለዱላ አይቀርብም። ያለው ዳውላው ብቻ ነው፦ ምንም ያላጠፋ፣ ተራው ደርሶ ዱላውን ይዞ የቆመ ሰው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2000 የያንኪሱ ሮጀር ክሌመንስ የሜትሱን ማይክ ፒያሳ ጭንቅላቱን መታው። ጨዋታው የአሜሪካን ሊግ ቡድን በሆነው በያንኪስ ሜዳ ስለነበር ክሌመንስ ዱላ ይዞ አይወጣም። የሜትሱ ወርዋሪ ግሌንደን ረሽ ወዲያው ቲኖ ማርቲኔዝን በኳስ አገኘው። ማርቲኔዝ ፒያሳን ምን አደረገው? ምንም። አህያው ራሱ ዱላው ሥር የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጁን 2002፣ ያኔ ወርዋሪም ዱላ ይዞ ይወጣበት በነበረው በሜትስ ሜዳ ነው። ያን ዕለት ለሜትስ የሚወረውረው ሾን ኤስተስ ፒያሳ ሲመታ በቡድኑ ውስጥ እንኳ አልነበረም፤ የማያውቀውን ዕዳ እንዲከፍል ተጠበቀበት። ኳሷን ከክሌመንስ ጀርባ በኩል ሰደዳት፣ ሳትነካውም አለፈች። በዚያው ጨዋታ ግን ኤስተስም ፒያሳም ከክሌመንስ ኳስ ሆም ረን አወጡ፤ ሜትስ 8 ለ 0 አሸነፈ። እኔ እንደማየው ከሆነ ቂሙ የተወጣው በዚያ ነው፤ ኳስን በዱላ አሽቀንጥሮ ከአጥር ውጭ ከመጣል የሚበልጥ መልስ በዚህ ጨዋታ የለም።

የኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ደም መመለስ በኖረበት አካባቢ ገዳዩ ራሱ ሸፍቶ ዱር ሲገባ ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ በእርሻው ላይ ሳለ ይገደላል። ደም የሚፈለገው ከዘር ነውና ማንም ቢሆን ያው ነው ይባላል። ይህን የሚያስቆመው የሽማግሌ ዕርቅና የደም ካሳ ነው። ቤዝቦል ውስጥም ሒሳቡ የሚወራረደው በመለያ ነው፤ ያንን ማልያ የለበሰ ሁሉ ተጠያቂ ነው። የጎደለው ሽማግሌው ነው። ሽማግሌ መሆን የሚገባው አሰልጣኙ ነበር፣ በዕድሜም በሥልጣንም።

ለምን አይሆንም? መልሱ እንደገና ከተረቱ ይገኛል፦ «ፈርቶ»። አሰልጣኙ የሚፈራው ባላጋራውን ብቻ አይመስለኝም። የሚፈራው የራሱን መልበሻ ክፍል ነው። ዋና መቺያቸው ተመትቶ ሲወድቅ 25 ተጫዋቾች ዞር ብለው ያዩታል። ዝም ካለ «አይከላከልልንም» ይባላል። «ልጆች፣ ዛሬ የሚያስፈልገን ድል ነው፣ ቂሙ ይቆየን» ብሎ ፊታቸው መቆም ከባድ ነው፤ ወርዋሪውን በዓይን ጠቅሶ አንዱን ማስመታት ቀላል ነው። አህያው ያ የልጆቹ ቅሬታ ነው፤ ዳውላው ደግሞ በሌላ ቡድን መለያ የመጣው መቺ፣ ከእሱም ጋር የራሱ ቡድን የዓመት ልፋት።

የዓመት ልፋት ስል ቃል ለማሳመር አይደለም። አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ይጫወታል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሻምፒዮኑ በአንድ ወይም በሁለት ጨዋታ ሊለይ ይችላል። ያለ ድካም አንደኛ ቤዝ የተሰጠው ሰው ነጥብ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ዋና ወርዋሪ በሁለተኛው ዙር ከተባረረ ተጠባባቂዎቹ ከዘጠኙ ዙር ሰባት ያህሉን ያለ ዕቅድ ይሸከማሉ፤ ድካሙ ለነገውም ለተነገ ወዲያውም ይተርፋል። እገዳው ደግሞ ከዚያ ይቀጥላል።

እ.ኤ.አ. በ1965 የሆነው ከሁሉ ይበልጥ ያሳዝነኛል። የሳን ፍራንሲስኮ ጃየንትስና የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ አንገት ለአንገት ተያይዘው ነበር። ኦገስት 22 ቀን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በካንድልስቲክ ፓርክ ሲገናኙ ለጃየንትስ ኹዋን ማሪሻል፣ ለዶጀርስ ሳንዲ ኩፋክስ ይወረውራሉ፤ የዘመኑ ሁለት ታላላቆች። ማሪሻል ሞሪ ዊልስንና ሮን ፌርሊን ኳስ አስጠግቶ መሬት አስያዛቸው። ኩፋክስ ሰው መምታት የማይወድ ሰው ነበር፤ ቢሆንም አንዲት ኳስ በዊሊ ሜይስ ራስ ላይ አሳለፈ። ሜይስ የማንንም ራስ አልነካም፤ ዳውላ ነበር። ዳኛው ሁለቱንም ወገን አስጠነቀቀ። በዚያ ማብቃት ይችል ነበር።

ያኔ በዚህ ሊግ ወርዋሪዎችም በተራቸው ዱላ ይይዙ ስለነበር ማሪሻል በሦስተኛው ዙር ዱላ ይዞ ወጣ። ከመቺው ጀርባ የሚቀመጠው የዶጀርስ ኳስ ያዥ ጆን ሮዝቦሮ ኳሷን ወደ ኩፋክስ ሲመልስ በማሪሻል ጆሮ አጠገብ አሳለፋት። ማሪሻል ዞሮ በዱላው ሮዝቦሮን ራሱን መታው። ሮዝቦሮ 14 ስፌት ተሰፋ። ሜዳው ለ14 ደቂቃ በጠብ ታመሰ፤ ደም የሚፈሰውን ሮዝቦሮን ደግፎ ከመሐል ያወጣው፣ ትንሽ ቀደም ሲል ኳስ በራሱ ላይ ያለፈችበት ያው ሜይስ ነው።

ጃየንትስ ያን ዕለት 4 ለ 3 አሸነፉ፤ ሜይስ ራሱ ከኩፋክስ ባለ ሦስት ነጥብ ሆም ረን አውጥቶ። ላይ ላዩን ያዋጣቸው ይመስላል። ማሪሻል ግን ስምንት የጨዋታ ቀን ታገደ፣ 1,750 ዶላር ተቀጣ፣ ሁለት የመወርወር ተራ አመለጠው። በዚያ ዓመት 22 ጨዋታ ያሸነፈ ሰው ነው። ዘመኑ ሲዘጋ ዶጀርስ 97፣ ጃየንትስ 95 ድል ነበራቸው። ጃየንትስ በሴፕቴምበር 14 ተከታታይ ጨዋታ ማሸነፋቸውም አልበቃቸውም። ዶጀርስ የሁለቱ ሊጎች ሻምፒዮኖች ወደሚገናኙበት ወርልድ ሲሪስ ሄደው ሚኒሶታን አሸነፉ። ማሪሻል እነዚያን ሁለት ተራዎች ቢወረውር ኖሮ ዋንጫው የእነሱ ይሆን ነበር ብሎ መማል አይቻልም። የተለያዩት ግን በሁለት ጨዋታ ነው፣ ያመለጡትም ተራዎች ሁለት ናቸው።

ሁለቱ ሰዎች በኋላ ታረቁ፤ ሮዝቦሮ ማሪሻል የቤዝቦል ታላላቆች ወደሚከበሩበት የዝና አዳራሽ እንዲገባ ተሟገተለት፣ በ1983ም ገባ። በ2002 ሮዝቦሮ ሲሞት ማሪሻል በቀብሩ ሥነ ሥርዓት ላይ ንግግር አድርጓል። ይህ ዕርቅ የሁለቱ የግል ሥራ ነው፤ ማንም አሰልጣኝ ምስጋና አይወስድበትም።

«አህያው ራሱ ከቀረበስ፣ ቢመታ ምናለ?» ለሚል ደግሞ ኦገስት 12 ቀን 1984 አለ። የአትላንታው ፓስኳል ፔሬዝ በመጀመሪያዋ ኳስ የሳን ዲየጎውን አለን ዊጊንስ መታው። የሳን ዲየጎ አሰልጣኝ ዲክ ዊሊያምስ ዳውላ አልፈለገም፤ ፔሬዝን ራሱን ነበር የፈለገው። ፔሬዝ ዱላ ይዞ በወጣ ቁጥር ወረወሩበት፣ ኳሷ አላገኘው አለች፣ በስምንተኛው ዙር ክሬግ ሌፈርትስ አገኘው። እስከዚያ ድረስ ወርዋሪዎቹ ተራ በተራ ተባረሩ፤ ዊሊያምስም፣ እሱን የተኩት ሁለት ረዳቶችም በየተራ ወጡ። አትላንታ በበኩሉ በዘጠነኛው ዙር ግሬግ ኔትልስን መታ። አንዳንድ ተመልካች ሳይቀር ሜዳ ገብቶ ተደባደበ። ውጤቱ 5 ለ 3 ለአትላንታ፤ ለዊሊያምስ የ10 ቀን እገዳና 10,000 ዶላር ቅጣት። ሳን ዲየጎ በሰፊ ርቀት ይመራ ስለነበር ዕዳውን ችሎ በዚያው ዓመት የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። እንዲያ የሚመራ ቡድን ግን ምን ቀርቶበት ነው አንድ ሙሉ ጨዋታ ለአንድ ሰው ጀርባ የሚገብረው?

ለሌላው የሚተርፍ ዱላም አለ። በ2014 ኦገስት መጀመሪያ የፒትስበርግ ወርዋሪ የአሪዞናውን ፖል ጎልድሽሚት እጁን ሰበረው። በማግስቱ አሪዞና በአንድሩ ማካቸን ተበቀለ፤ ኳሷ ጀርባው ላይ አረፈች። ማካቸን በቀጣዩ ቀን የጎን አጥንቱ ተጎድቶ ለሁለት ሳምንት ያህል ከሜዳ ራቀ። ጉዳቱ ከዚያች ኳስ ይምጣ ከሌላ አከራካሪ ነው። አሪዞና ከውድድሩ ከወጣ ቆይቶ ነበር፤ ለሻምፒዮናነት የሚታገለው ፒትስበርግ ነበር፣ ምድቡንም በሁለት ጨዋታ አጣው። እዚህ ነጂው የመታው የሌላ ሰው ዳውላ ነው፣ እህሉም የሌላ ሰው ነው። የአባባሉ የመጀመሪያው ፍች ብቻ የሚሠራበት ቦታ ይኸው ነው።

አባባሉን ስንጠቀም ለማን እንደምንለው እናስተውል። በኳስ ያገኘው ወጣት ወርዋሪ ብዙ ጊዜ ዱላው እንጂ ነጂው አይደለም፤ እምቢ ቢል ቦታውን ያጣል። ስለዚህ ተረቱ ለእሱ አይወረወርም፤ ለአሰልጣኙ ነው። ታላቅን ፊት ለፊት በተረት መንካት ደግሞ በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ፣ ለሽማግሌ ወይም ለአለቃ ሲባል «ጋሼ፣ አህያው እኮ ያውና ቆሟል» ተብሎ በጎን ይነገራል። ለእኩያ ግን ሳይሸፈን ይባላል፦ «ምነው ወንድሜ፣ አህያውን ፈርተህ ዳውላውን?»