የፊልም ቅጂ ፍተሻ ምንድን ነው?

የፊልም ቅጂ ፍተሻ የሚባለው፣ ወደ ሲኒማ ቤት የመጣ የፊልም ጥቅል ፕሮጀክተር ላይ ከመጫኑ በፊት የማሳያ ክፍሉ ባለሙያ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጁ እያሳለፈ ጉዳቱን የሚለይበትና መጠገን ያለበትን የሚጠግንበት ሥራ ነው። ዲጂታል ማሳያ ከተስፋፋ ወዲህ ሥራው በአብዛኛው ቢቀርም፣ የቆዩ ቅጂዎችን የሚያሳዩ ቤተ መዛግብትና ጥቂት ሲኒማ ቤቶች ዛሬም ያለ እሱ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም አያጫውቱም።

ፊልሙ በፕሮጀክተሩ ውስጥ በደቂቃ ከ27 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ጉዞው ግን ወጥ አይደለም። እያንዳንዱ ፍሬም (በፊልሙ ላይ ያለ አንድ ነጠላ ምስል) ከመብራቱ ፊት ለቅጽበት ይቆምና ባለጥርስ ጎማው በጠርዙ ቀዳዳዎች ስቦ ቦታውን ለሚቀጥለው ያስለቅቀዋል፤ ይህም በሰከንድ 24 ጊዜ ይደጋገማል። ስለዚህ በአንድ ቀዳዳ ማዕዘን ላይ ያለች የፀጉር ያህል ስንጥቅ በየማሳያው እየሰፋች ሄዳ ፊልሙን ልትበጥሰው ትችላለች።

ፍተሻው የሚደረገው በማጠንጠኛ ጠረጴዛ ላይ ነው። ባለሙያው ፊልሙን ከአንዱ ጥቅል ወደ ሌላው በቀስታ እያጠነጠነ ሁለቱን ጠርዞች የጥጥ ጓንት ባጠለቁ ጣቶቹ መካከል ያሳልፋል፤ የተሰነጠቀ ቀዳዳ የጓንቱን ጥጥ ሲይዘው፣ የላላ መገጣጠሚያም ከጣቱ በታች ሲጎረብጠው ወዲያው ቆሞ ያየዋል። በፍጥነት እያጠነጠኑ በዓይን ብቻ መከታተል ፍተሻ ሊባል አይገባውም።

የተቀደደ ቀዳዳ ፊልሙ ሳይቆረጥ፣ ቀዳዳ ባለው ግልጽ የማጣበቂያ ቴፕ በሁለቱም በኩል ተሸፍኖ ሊጠገን ይችላል። ፊልሙ ከተበጠሰ ግን ሁለቱ ጫፎች ልክ በፍሬሞቹ መካከል ባለው መስመር ላይ ተቆርጠው መጋጠም አለባቸው፤ አንድ ፍሬም በእያንዳንዱ ጠርዝ አራት ቀዳዳ ስላለው፣ ቆራጩ በአንድ ቀዳዳ እንኳ ቢስት ከዚያ በኋላ ያለው ምስል ሁሉ ከቦታው ተንሸራቶ የአንዱ ፍሬም ግርጌ በስክሪኑ አናት ላይ ብቅ ይላል። ፊልም ከተለያዩ የፕላስቲክ ዓይነቶች ይሠራል፤ ከአሴቴት የተሠራው በሚያሟሟ ማጣበቂያም ሊጋጠም ይችላል፤ ከፖሊስተር የተሠራው ግን በዚህ ማጣበቂያ ስለማይሟሟ በቴፕ ወይም በአልትራሳውንድ መሣሪያ ብቻ ይያያዛል።

በመቁረጥ ረገድ ንፉግ መሆን ይገባል፤ የወጣ ፍሬም በዚያ ቅጂ ላይ ተመልሶ አይተካምና። ከዚህም በላይ በፊልሙ ጠርዝ ላይ የታተመው ድምፅ ከምስሉ በ21 ፍሬም ይቀድማል፤ ድምፅ አንባቢው በፊልሙ መንገድ ላይ ከመብራቱ ቀጥሎ ስለሚገኝ፣ ጥቂት ፍሬሞች በወጡበት ቦታ መጀመሪያ ምስሉ ይዘላል፣ ሰከንድ ሳይሞላም መገጣጠሚያው ድምፅ አንባቢው ጋ ሲደርስ ተናጋሪው ቃሉን ሳይጨርስ ይቆረጣል። አንዱ ጉዳት ለተመልካቹ ሁለት ሆኖ ይደርሰዋል ማለት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዱት የየጥቅሉ መጀመሪያና መጨረሻ ናቸው፤ ሲጫንና ሲነሳ እጅ የሚበዛባቸው እነርሱ ናቸውና። አንድ ፊልም በበርካታ ጥቅሎች ተከፍሎ በሁለት ፕሮጀክተሮች እየተፈራረቀ ሲታይ፣ በስክሪኑ የቀኝ የላይኛ ማዕዘን ብልጭ የሚሉት የመቀያየሪያ ምልክቶችም በመጨረሻው አካባቢ ይገኛሉ፤ የመጀመሪያው ጥቅሉ ሊያልቅ 8 ሰከንድ ያህል ሲቀረው የሁለተኛውን ፕሮጀክተር ሞተር ለማስነሳት፣ ሁለተኛው ደግሞ በመጨረሻዋ ሰከንድ ግድም ምስሉን ለመቀየር ያገለግላል። ጫፉ በተደጋጋሚ ሲቆረጥ የምልክቶቹ ጊዜ ይዛባል፤ አንዳንዱም በዚህ ተማሮ የራሱን ምልክት በመርፌ ይጭራል። ይህ ለቀጣዩ ባለሙያ ግራ መጋባትን ከማውረስ በቀር የሚፈይደው የለም፤ በተነሺ እርሳስ ጠርዙ ላይ ማመልከት ይበቃ ነበር።

ጥገና የማይመልሰው ጉዳትም አለ። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ይመረት የነበረው፣ በቀላሉ የሚቀጣጠለው ናይትሬት የተባለው የፊልም ዓይነት አንዴ ከተቀጣጠለ ለመንደዱ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ራሱ ስለሚያመነጭ፣ ለእሱ ባልተዘጋጀ ክፍል ውስጥ ጨርሶ አይጫንም። አሴቴት ደግሞ ሲበሰብስ የኮምጣጤ ሽታ ያወጣል፣ ይኮማተራልም፤ ኩምትሪያው ወደ 1 በመቶ ሲጠጋ ቀዳዳዎቹ ከጎማው ጥርሶች ጋር አልገጥም እያሉ ይቀደዳሉ። እንዲህ ያለው ቅጂ ሳይጫን፣ ጉዳቱ በፍተሻ ወረቀቱ ላይ ተመዝግቦ ወደ መጣበት ይመለሳል።