ከጻርስኮዬ ሴሎ እስከ ኦሞ፦ የሩሲያ የክብር ዘበኛ ሁሳሮች

ስለ ድሮ ሩሲያ ፈረሰኛ ሲወራ ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ኮሳክ ነው፣ ግን ከኛ ታሪክ ጋር በደንብ የተነካካ ሌላ ሬጅመንት (የጦር ክፍል) አለ፣ የንጉሠ ነገሥቱ የክብር ዘበኛ ሁሳር ሬጅመንት ይባላል (ዓመተ ምህረቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው)። ሁሳር ማለት መጀመሪያ ከሃንጋሪ የመጣ ቀላል ፈረሰኛ ነው፣ የብረት ጥሩር አይለብስም፣ ፈጣን ፈረስና ጎራዴ ይዞ የጠላትን ሁኔታ ይሰልላል፣ ከጎን ይመታል፣ የሸሸውን ያሳድዳል።

አጀማመሩ ትንሽ ነበር። በ1775 በዳግማዊት ካትሪን ጊዜ አንድ ስኳድሮን (ከሬጅመንት የሚያንስ የፈረሰኛ ቡድን) ብቻ ሆኖ ተቋቋመ፣ በ1796 ልጇ ጳውሎስ ሲነግስ ከሌሎች ሁሳሮችና ከኮሳኮች ጋር ቀላቀለው፣ በ1798 ደግሞ ሁሳሮቹ ተለይተው ራሳቸውን የቻሉ ሬጅመንት ሆኑ። ከናፖሊዮን ጋር በተደረገው ጦርነት ከ1805ቱ የአውስተርሊትዝ ውጊያ ጀምሮ ነበሩበት። በ1812 በቦሮዲኖ ከጄኔራል ኡቫሮቭ ፈረሰኞች ጋር ወንዝ ተሻግረው የፈረንሳይን ግራ ክንፍ መቱ፣ ብዙ ሰው አልገደሉም ግን ናፖሊዮን ከኋላዬ ተመጣብኝ ብሎ መሃል ላይ ያሰበውን ጥቃት ለሰዓታት እንዲያቆየው አደረጉት፣ ለቀላል ፈረሰኛ ከዚህ የተሻለ ስራ ያለ አይመስለኝም።

ካምፓቸው ከፒተርስበርግ ወጣ ብላ ባለችው የቤተመንግስት ከተማ በጻርስኮዬ ሴሎ ነበር። ቀይ ልብስ በወርቅ ክር ጥልፍ፣ ትከሻ ላይ ጣል የሚደረግ ፀጉር ያለው ካባ፣ ፈረሶቻቸው ደግሞ ሁሉም ግራጫ፣ ምክንያቱም የክብር ዘበኛ ፈረሰኞች እያንዳንዱ ሬጅመንት የራሱ የፈረስ ቀለም ነበረው፣ አንዱ ዳማ፣ አንዱ ጉራች እያለ። መኮንን መሆን ግን የሀብታም ልጅ ስራ ነበር፣ ደሞዙ ለዩኒፎርሙና ለፈረሱ ወጪ አይበቃም። ገጣሚው ፑሽኪን እዛው ከተማ ሊሴ በሚባለው ትምህርት ቤት ሲማር ከሁሳሮቹ ጋር ጓደኛ ሆኖ ነበር፣ ከነሱ አንዱ ቻዳየቭ የሚባለው ፈላስፋ ነው፣ ትምህርቱን ሲጨርስም ሁሳር መሆን ተመኘ፣ አባቱ ግን ወጪውን አልችልም አሉ። ቅድመ አያቱ አብራም ሃኒባል የሀበሻ ልጅ ነው የሚባለው (ታሪክ አጥኚዎች እስካሁን ይከራከሩበታል) ያው ፑሽኪን ማለት ነው፣ ጻርስኮዬ ሴሎም ከ1937 ጀምሮ በሱ ስም ነው የምትጠራው። ገጣሚው ሌርሞንቶቭ ግን እዚህ ሬጅመንት ገብቶ በ1834 መኮንን ሆነ፣ ፑሽኪን በዱዌል (ሁለት ሰዎች ተቀጣጥረው በሚገጥሙት ፍልሚያ) ሲሞት በጻፈው ግጥም የቤተመንግስቱን ሰዎች ስለወነጀለ በ1837 ወደ ካውካሰስ ተባረረ፣ በኋላ ግን ተመልሶ መጥቷል። የመጨረሻው ጻር ኒኮላይ ዳግማዊም አልጋ ወራሽ እያለ እዚሁ አገልግሏል።

ወደኛ የሚያመጣን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ነው። ፑሽኪን የተማረበትን ሊሴ ጨርሶ በ1891 ሁሳሮቹን ተቀላቀለ፣ በ1896 ከአድዋ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ወደ ኢትዮጵያ ሲላኩ አብሮ መጣ። ለጓዙ መንገድ እንዲያመቻች ቀድሞ ተልኮ ከጅቡቲ ሐረር በግመል 3 ቀን ከ18 ሰዓት ብቻ ነው የፈጀበት። ከዛ እስከ ባሮ ድረስ ወደ ምዕራብ ሄደ፣ በ1898 ደግሞ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ከከፋ ተነስቶ እስከ ቱርካና ሐይቅ (ያኔ ሩዶልፍ ይባል ነበር) ወረደ፣ ካርታ እየሳለ፣ በየቀኑ ማስታወሻ እየያዘ። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ራሱ ፈረሰኛ ስለሆነ የምኒልክ ጦር እንዴት እንደሚጓዝ፣ እንዴት እንደሚሰፍር፣ ስንቁን ከየት እንደሚያገኝ በባለሙያ አይን አይቶ ነው የጻፈው። ምኒልክንና ወታደሮቻቸውን በጣም ያደንቅ ነበር ግን የዘመቻውን ሌላ ጎንም አልደበቀም፣ ከፋ ከጦርነቱ በኋላ እንዴት ባዶ እንደቀረች ጽፏል፣ በሐይቁ አካባቢ ቆስሎ ተጥሎ ያገኘውን ትንሽ ልጅም አንስቶ ቫስካ ብሎ ሩሲያ ድረስ ወሰደው። የደቡብን ታሪክ የሚያጠና ሰው ይሄን ሁለቱንም ጎን ማንበብ አለበት።

በ1903 ጦሩን ትቶ መነኮሰ፣ አሁን ግሪክ ውስጥ ወዳለው የገዳማት ስፍራ አቶስ ተራራ ገብቶ አባ አንቶኒ ተባለ፣ በ1911 እንደገና ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። በ1913 በእግዚአብሔር ስም ክብር ላይ በተነሳው የሃይማኖት ክርክር ዋና ሰው ስለነበር ከአቶስ ወጣ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም የጦር ሰራዊት ቄስ ሆኖ ዘመተ። ሬጅመንቱ ከአብዮቱ በኋላ በ1918 ፈረሰ። ቡላቶቪች ራሱ በ1919 ታህሳስ ላይ አሁን ዩክሬን ውስጥ ባለ አንድ መንደር ሽፍቶች ገደሉት። የሁሳሮቹ ቤተክርስቲያን የነበረው የቅድስት ሶፍያ ካቴድራል ግን በፑሽኪን ከተማ ዛሬም አለ።